ሲያትል ላይ ሰባት ሰዎች ይመርጡ ነበር፤ እኛ ጋ ማን ነው የሚመርጠው?

(ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1962 አሜሪካ ውስጥ፣ ሲያትል ከተማ፣ ሰባት ሰዎች እየተሰበሰቡ አንድ ከባድ ነገር ይወስኑ ነበር። አንዱ ጠበቃ ነው፣ አንዱ ፓስተር፣ አንዱ የባንክ ሰው፣ አንዷ የቤት እመቤት፣ አንዱ የመንግሥት ሹም፣ አንዱ የሠራተኛ ማኅበር መሪ፣ አንዱ ደግሞ የቀዶ ሕክምና ሐኪም። ስማቸው ለሕዝብ አይነገርም፣ ክፍያም የላቸውም። ሥራቸው ኩላሊታቸው መሥራት ካቆመ ሰዎች መካከል ማን በማሽን ታጥቦ እንደሚኖር፣ ማን ወደ ቤቱ ተመልሶ እንደሚሞት መለየት ነበር።

ይህን ታሪክ የማነሳው ፈረንጆቹ ጨካኞች ነበሩ ለማለት አይደለም። ሕክምና ኖሮ ለሁሉም ሳይበቃ ሲቀር የሆነ ሰው፣ ወይም የሆነ ነገር፣ መምረጡ አይቀርም። ልዩነቱ ምርጫው የሚታይ መሆኑና አለመሆኑ ላይ ነው። የኩላሊት ሕክምና ታሪክ ይህን እንደሚያሳይ ሌላ ታሪክ አላውቅም።

ከመጀመሪያው እንነሳ።

ኩላሊት ደም ያጣራል፤ ቆሻሻውንና ትርፉን ውሃ በሽንት ያስወጣል። ሁለቱም ሥራ ሲያቆሙ ሰውየው በራሱ ደም ይመረዛል። እስከ 1940ዎቹ ድረስ ሐኪም ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ከማየት ሌላ የሚያደርገው አልነበረም። በ1938 ቪለም ኮልፍ የተባለ ወጣት የሆላንድ ሐኪም ግሮኒንገን ከተማ ውስጥ የ22 ዓመት የገበሬ ልጅ እንዲህ ሆኖ ሲሞት አየ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣ ማለት ይቻላል። ሀገሩ በጀርመን ናዚዎች ተይዛ ሳለ፣ ካምፐን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ቋሊማ የሚጠቀለልበትን ስስ የሴሎፎን ቱቦ በእንጨት ከበሮ ላይ ጠምጥሞ የመጀመሪያውን የኩላሊት እጥበት ማሽን ሠራ። ደሙ በቱቦው ውስጥ ያልፋል፣ ከበሮው ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ቆሻሻው በሴሎፎኑ አልፎ ወደ ውሃው ይወጣል።

ከ1943 ጀምሮ ያከማቸው የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሞቱ። በማሽኑ ሕይወቷ ተረፈ የሚባልላት የመጀመሪያዋ ሰው የታከመችው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በመስከረም 1945 ነው። የ67 ዓመት ሴት ስትሆን፣ ከናዚዎች ጋር ተባብረሻል ተብላ የታሰረች ነበረች። በከተማው እንድትድን የሚፈልግ ብዙ ሰው አልነበረም። ኮልፍ ግን ማንነቷን ትቶ ደሟን አጠበ። ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖረች። እንግዲህ ይህ ሕክምና መጀመሪያ ያዳናት ሰው፣ ኮሚቴ ቢሰየም ኖሮ ከዝርዝሩ መጨረሻ የምትቀመጥ ሴት ናት።

የኮልፍ ማሽን አንድ ችግር ነበረበት። ለእያንዳንዱ እጥበት አዲስ ደም ሥር መቀደድ ያስፈልግ ስለነበር ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ የሚቀደድ ሥር ያልቃል። ስለዚህ የሚጠቅመው ኩላሊቱ ለጊዜው ቆሞ በኋላ ለሚያገግም ሰው ብቻ ነበር። ይህን የፈታው የሲያትሉ ሐኪም ቤልዲንግ ስክሪብነር ነው። በመጋቢት 1960 በአንድ የቦይንግ ሠራተኛ ክንድ ላይ የቴፍሎን ቱቦ ተከለ፤ ቱቦው እዚያው ስለሚቀር በፈለጉት ጊዜ ከማሽኑ ጋር መገናኘት ተቻለ። በሳምንታት ውስጥ መሞት የነበረበት ያ ሰው 11 ዓመት ኖረ።

ጣጣው የመጣው ይሄኔ ነው። ከ1960 በፊት ማንም አይመረጥም ነበር፤ ሁሉም ይሞታልና። አሁን ግን መዳን ይቻላል፤ በ1962 የተከፈተው የሲያትል ማዕከል ግን ያሉት ጥቂት አልጋዎች ናቸው። ሐኪሞቹ በሕክምና መስፈርት ያጣሩና የቀሩትን ለሰባቱ ሰዎች ይሰጣሉ። ሰባቱ ደግሞ ዕድሜ፣ ትዳር፣ የልጆች ቁጥር፣ ገቢ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አለመሄድ እያነሱ ይመዝናሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሻና አሌክሳንደር የተባለች ጋዜጠኛ ላይፍ መጽሔት ላይ ጉዳዩን ስታወጣው ሀገር ተንጫጫ። በኋላ የመረመሩት የሕግና የሕክምና ሰዎች ኮሚቴው ራሱን የሚመስሉ ሰዎችን ይመርጥ ነበር ብለው ተቹት፤ ሥራ ያለው፣ ቤተሰብ ያለው፣ ጨዋ የሚባለው ያልፋል፤ ከመንገድ የወጣው ይቀራል።

በሌላ በኩል ንቅለ ተከላም እየመጣ ነበር። በታኅሣሥ 1954 ቦስተን ውስጥ ጆሴፍ መሪ ከአንድ ጤነኛ ወጣት ኩላሊት ወስዶ ለታመመ መንትያ ወንድሙ ተከለ። ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ ሰውነቱ ባዕድ ነው ብሎ አልገፋውም። ተቀባዩ ስምንት ዓመት ኖረ፤ ለጋሹ ወንድም እስከ 2010 በሕይወት ነበር። መሪ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። መንትያ ለሌለው ሰው በሩን የከፈቱት በ1960ዎቹ መግቢያ የመጣው አዛታዮፕሪን፣ በኋላም በ1980ዎቹ ሥራ ላይ የዋለው ሳይክሎስፖሪን ናቸው። ይህ ሁለተኛው መድኃኒት የተገኘው ከኖርዌይ ተራራ አፈር ከተወሰደ ሻጋታ ነው።

ንቅለ ተከላ ከእጥበት ይሻላል ሲባል ብዙ ሰምተናል። በምን ይታወቃል? ጥያቄው ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ንቅለ ተከላ የሚደረግለት ሰው አስቀድሞም ጠንከር ያለ ተብሎ የተመረጠ ነውና ከሌሎች ቢበልጥ በኩላሊቱ ይሁን በጥንካሬው አይታወቅም። እዚህም ምርጫ ገብቷል ማለት ነው። በ1999 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ዎልፍና ባልደረቦቹ ብልህ መላ ዘየዱ። በእጥበት ላይ ከነበሩ 228,552 አሜሪካውያን ውስጥ ለንቅለ ተከላ ብቁ ተብለው ተራ የያዙትን 46,164 ሰዎች ለይተው፣ ከሞተ ሰው ኩላሊት ያገኙትን ገና ወረፋ ላይ ካሉት ጋር አነጻጸሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተተከለላቸው ሰዎች የመሞት አደጋ 2.8 እጥፍ ከፍ ይላል፤ ቀዶ ሕክምና ነውና። ከዚያ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። በረጅም ጊዜ የመሞት ዕድላቸው ወረፋ ላይ ካሉት በ68 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። በኅዳር 1971 ሼፕ ግሌዘር የተባለ ታካሚ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ከማሽን ጋር ተገናኝቶ ቀረበ። በዓመቱ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት ሕግ ኩላሊቱ ሥራ ላቆመ ዜጋ ሁሉ ማለት በሚቻል ደረጃ፣ ዕድሜ ሳይለይ፣ የሕክምናውን ወጪ በመንግሥት መድን እንዲሸፈን አደረገ። በሐምሌ 1973 ሥራ ላይ ሲውል የሲያትሉ ዓይነት ምርጫ ምክንያቱ ቀረ። ሂሳቡ ግን ቀላል አልሆነም። ያኔ በእጥበት ላይ የነበሩት 10,000 ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን ይበልጣሉ።

«እኛ አሜሪካ አይደለንም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ እንዲያውም እኛ ያለነው ገና 1962 ላይ ነው። ማሽኑ አለ፣ ሐኪሙ አለ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር ሆኖ ንቅለ ተከላን በሀገር ውስጥ ጀምሯል። የጎደለው ከፋይ ነው። እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል የሚደረግ ሕክምና ሆኖ ሳለ በገንዘብ እጦት ወደ ሁለት የሚያወርዱት ብዙ ናቸው።

ታዲያ እኛ ጋ ማን ነው የሚመርጠው? ስልካችሁን ክፈቱ። የአንድ ወጣት ፎቶ፣ «ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ የባንክ አካውንት ቁጥር። መንገድ ላይ ባነር የለጠፈ መኪና በድምፅ ማጉያ ይለምናል። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ጎፈንድሚ ይከፍታል። የወገን ደግነት ነው፤ ስንቱን አድኗል፤ ማንም ሊያናንቀው አይገባም። ግን አሠራሩን ልብ በሉት። ፎቶው ዓይን የሚስብ፣ ውጭ ሀገር ዘመድ ያለው፣ ታዋቂ ሰው «ሼር አድርጉ» ያለለት ያልፋል። የወሎ ገጠር ገበሬ፣ ስማርት ስልክ የሌላት የሦስት ልጆች እናት፣ ዕድሜው የገፋ ጡረተኛ ይቀራሉ። ሰባቱ ሰዎች ቢያንስ የእያንዳንዱን ፋይል ያነቡ ነበር፤ የእኛ ኮሚቴ ማንን እንደጣለ እንኳ አያውቅም።

መውጫ አለ ወይ? ታይላንድን እንይ። በ2008 የኩላሊት ሕክምናን በሕዝባዊ የጤና ዋስትናዋ ውስጥ ስታስገባ ለሁሉም ማሽን ልግዛ አላለችም። በቅድሚያ የምሸፍነው በሆድ በኩል የሚደረገውን እጥበት ነው ብላ በግልጽ አወጀች። ይህኛው ማሽንም ሆነ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል መመላለስ አይጠይቅም፤ የሠለጠነ ታካሚ ቤቱ ሆኖ ያደርገዋል። በማሽን ልታጠብ ያለ ከኪሱ ይከፍል ነበር። ሕጉ የሚጎረብጠው ሰው ነበር፤ ነገር ግን የተጻፈ ስለሆነ ተከራከሩበት፣ በ2022 ምርጫው ለታካሚው ተሰጠ። የተጻፈ ሕግ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ይሞገታል፣ ይሻሻላል። ያልተጻፈውን ማን ይሞግተዋል?

ለእኛም ሁሉን በአንድ ቀን ስጡ ማለት አይደለም። ካለችው በጀት የቱ እንደሚቀድም ተጽፎ ይነገረን። ኩላሊትን ከሚገድሉት ዋነኞቹ ስኳርና ደም ግፊት ስለሆኑ ግፊት መለካትና መድኃኒት ሳይቋረጥ ማቅረብ ከማሽን በፊት ይምጣ። በ2020 ይፋ የሆነው፣ 4,304 ሰዎች የተሳተፉበት የዳፓግሊፍሎዚን ጥናት፣ የኩላሊት በሽታን መጉዳት በመድኃኒት ማዘግየት እንደሚቻል በግልጽ ስላሳየ ከጊዜው ቀድሞ ነው የቆመው። ቀጥሎ ዘመድ ለጋሽ ያለው ሰው ንቅለ ተከላውንም፣ ዕድሜ ልክ የሚውጠውንም መድኃኒት ያግኝ፤ መድኃኒቱ ከተቋረጠ የወንድም ኩላሊት ከንቱ ይቀራልና። ለቀሩት ደግሞ በገጠርም የሚሠራው የእጥበት ዓይነት በጤና መድኅኑ ይታሰብ።

እስከዚያው ፎቶው ሲደርሳችሁ የአቅማችሁን ላኩ። ቀጥሎም የወረዳችሁን የምክር ቤት ተወካይ፣ ፎቶው ሳይደርሰን የሚሞተውን ሰው ማን እየመረጠው እንደሆነ ጠይቁት።