የፒያኖ መቀመጫ፦ መለኪያው ወንበሩ ነው ወይስ ሰውየው?



ዛሬ የምናገረው የሙዚቃ ታሪክ መጻሕፍት እምብዛም ቦታ ስለማይሰጡት ዕቃ፣ ስለ ፒያኖ ተጫዋች መቀመጫ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በገና ደርዳሪ መሣሪያውን ወደ ገላው አስጠግቶ ይደረድራል፤ ክራር መቺም ክራሩን አቅፎ ለክንዱ እንደሚመቸው ያስተካክለዋል። ፒያኖ ግን ወደ ሰው አይመጣም። ነጫጭ ቁልፎቹ ከወለሉ ከ71 እስከ 74 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይገኛሉ፤ የስምንት ዓመት ልጅ ሲጫወትበትም ሆነ ቁመተ ረጅም ጎልማሳ ሲጫወትበት ልኩ ያው ነው። በዚህ በማይለወጥ መሣሪያና ከሰው ሰው በሚለያይ አካል መካከል አስታራቂው መቀመጫው ብቻ ነው። ስለሆነም መቀመጫ በምንመርጥበት ጊዜ ሁሉ፣ አወቅነውም አላወቅነውም፣ አንድ የቆየ ጥያቄ እንመልሳለን፤ ልኩ የሚነሣው ከወንበሩ ነው ወይስ ከሰውየው?

በጽሑፍ ከቀሩልን ቀደምት መልሶች አንዱ የፈረንሳዊው የፍራንሷ ኩፕራን ነው። ኩፕራን ስለ ሐርፕሲኮርድ አጨዋወት በ1716 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የክርኑ፣ የእጅ አንጓውና የጣቶቹ የታችኛው ገጽ በአንድ ከፍታ ላይ እንዲውሉ፣ ወንበሩም ይህን በሚያስገኝ ቁመት እንዲመረጥ ያዝዛል። ለአዋቂ ሰው ከወገቡ እስከ ቁልፎቹ ያለው ርቀት ዘጠኝ የፈረንሳይ ኢንች፣ ማለትም 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን ይላል። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ግን ስለ ልጆች የጻፈው ነው። እግራቸው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ እንደ ዕድገታቸው መጠን ቁመቱ የሚለያይ መርገጫ ከእግራቸው ሥር እንዲደረግላቸው ይመክራል። እግሩ ማረፊያ ያጣ ልጅ ሚዛኑን የሚጠብቀው በወገቡና በትከሻው ነውና፣ እጁን በነፃነት ሊያንቀሳቅስ አይችልም።

ኩፕራን ከጻፈ ከ37 ዓመት በኋላ፣ በ1753፣ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባኽ በበርሊን ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ፣ በትክክለኛው ከፍታ የተቀመጠ ሰው ክንዱ ወደ ቁልፎቹ ጥቂት ወደታች ያዘነብላል ሲል ጻፈ። የቤትሆቨን ተማሪና የሊስት መምህር የነበረው ካርል ቼርኒ ደግሞ በ1839 በወጣው ትልቁ የፒያኖ መማሪያው፣ ክርን ከቁልፎቹ ገጽ አንድ ኢንች ያህል ከፍ እንዲል ወሰነ። በዚያው ዘመን በፓሪስ ያስተምር የነበረው ሾፐን ክርን ከነጫጭ ቁልፎች ጋር እኩል እንዲሆን፣ ተጫዋቹም ወደ አንዱ ጎን ሳያዘነብል የቁልፎቹን ሁለት ጫፎች መድረስ እንዲችል ሆኖ እንዲቀመጥ ይፈልግ ነበር።

እነዚህን አራት ምክሮች ጎን ለጎን ስናያቸው፣ ልዩነታቸው የጥቂት ሳንቲ ሜትር መሆኑን እንገነዘባለን። የሚስማሙበት ነገር ግን ከሚለያዩበት ይበልጣል። ከአራቱ አንዱም በዚህ ምክሩ የወንበርን ቁመት በቁጥር አልደነገገም። ሁሉም የለኩት በክርንና በቁልፍ መካከል ያለውን ዝምድና ነው። ለእነርሱ ወንበሩ የመጨረሻው ውጤት እንጂ መነሻ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች ተለወጡ። አንደኛው መሣሪያው ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የብረት አካል ፒያኖው ውስጥ ገባ፤ ክሮቹ ይበልጥ ተወጠሩ፤ ዛሬ በአንድ ትልቅ የኮንሰርት ፒያኖ ላይ የሁሉም ክሮች ውጥረት ተደምሮ 20 ቶን ገደማ ይደርሳል። ቁልፎቹም 88 ሆነው ከአንድ ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ተዘረጉ። በዚህ መሣሪያ ላይ የጣት ጉልበት ብቻውን የሚበቃ አልመስል አለ፤ በ1905 ጀርመናዊው ሩዶልፍ ብራይትሃውፕት የክንድን ክብደት መሠረት ያደረገ የአጨዋወት ዘዴ በመጽሐፍ አሳተመ። ክብደቱ ከትከሻ ወደ ቁልፍ እንዲወርድ የሚፈልግ ሰው፣ የመቀመጫው ከፍታ ይበልጥ ያስጨንቀዋል።

ሁለተኛው ለውጥ በመቀመጫው በራሱ ላይ የደረሰ ነው። ፒያኖ የብዙ ቤተሰብ ንብረት ሲሆን፣ መቀመጫውም ከሳሎን ዕቃዎች አንዱ ሆነ። በብሎን እየተሽከረከረ ከፍና ዝቅ የሚለው ክብ በርጩማ ከፍታው ቢስተካከልም ይወዛወዛል፤ መክደኛው ተከፍቶ የኖታ ወረቀት የሚቀመጥበት አግዳሚ ደግሞ ጠንካራና የሚያምር ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ ቁመቱ አይለወጥም። በዚህ ጊዜ መለኪያው ሳይታወቅ ከሰውየው ወደ ወንበሩ ተሻገረ። ሰውየው ለወንበሩ መታጠፍ ጀመረ።

ይህን ሽግግር አሻፈረኝ ያለው ዝነኛ ሰው ካናዳዊው ግሌን ጉልድ ነው። በ1953 አባቱ አንድ ተጣጣፊ ወንበር ወስደው እግሮቹን ቆረጡለት፤ እያንዳንዱ እግር ለብቻው የሚስተካከልበት ብሎንም ገጠሙለት። መቀመጫው ከወለሉ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይላል። ጉልድ ይህን ወንበር በ1982 እስኪሞት ድረስ አልለወጠም፤ የመቀመጫው ልብስ አልቆ ባዶ እንጨቱ ሲቀር እንኳ አልተወውም፤ ሲንቋረር በሸክላ ቅጂዎቹ ላይ ይሰማል። ዝቅ ብሎ መቀመጥን ያወረሱት መምህሩ አልቤርቶ ጌሬሮ ነበሩ፤ ለጣት ጥራትና ለባኽ ድርሰቶች ጠቅሞታል፤ የክንድን ክብደት ለሚጠይቁ ታላላቅ የሮማንቲክ ድርሰቶች ግን የሚመች አይደለም። ጉልድን አይቶ ወንበሩን ዝቅ የሚያደርግ ተማሪ የወረሰው ቁጥሩን እንጂ ትምህርቱን አይደለም። ትምህርቱ ልኩ ከራስ አካል ይነሣ የሚል ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚወጣው የምርጫ መመሪያ ቀላል ነው። በመቀመጫው የፊት ግማሽ ላይ ተቀመጡ፤ ሁለቱ እግሮቻችሁ ወለሉን በሙሉ ይርገጡ፤ ትከሻችሁን ልቀቁና እጃችሁን ቁልፎቹ ላይ አኑሩ። ክርናችሁ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ይሁን። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ሰዎች የተለያየ ከፍታ ሊፈልጉ ይችላሉ፤ ወሳኙ የወገብና የላይኛው ክንድ ርዝመት ነውና። መቀመጫው ከፍና ዝቅ የሚል፣ የማይወዛወዝ፣ ትራሱም ሰውነትን ውጦ የማያስቀር ጠንካራ ይሁን። ሁለት ሰዎች ባንድ ፒያኖ የሚጫወቱ ከሆነ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ለሁለቱም ልክ መሆኑ አጠራጣሪ ስለሆነ፣ ሁለት ለየብቻ የሚስተካከሉ መቀመጫዎች ይሻላሉ።

ንግግሬን የምቋጨው ለትምህርት ክፍሎች በማቀርበው ማሳሰቢያ ነው። በብዙ መለማመጃ ክፍሎች ውስጥ ፒያኖው በከፍተኛ ወጪ ተገዝቶ፣ ፊቱ የሚቆመው ከቢሮ የተረፈ ወንበር ነው። በዚያ ላይ በቀን ሦስትና አራት ሰዓት የሚቀመጥ ተማሪ፣ ጀርባውና የእጅ አንጓው ሲደክሙ ጉድለቱ የችሎታው ይመስለዋል። መምህሩም እንዲሁ ሊመስለው ይችላል። ኩፕራን ለአንድ ልጅ እግር መርገጫ ያሰበው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ነው። የሚቀጥለውን የዕቃ ግዢ ዝርዝር የምታዘጋጁ ባልደረቦቼ፣ ከአዲሱ ፒያኖ አስቀድማችሁ የሚስተካከሉ መቀመጫዎችንና ለልጆች የእግር ማሳረፊያዎችን እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።