የቆዩ ተሽከርካሪዎች የማሞቂያና የአየር ማስገቢያ መቆጣጠሪያ ብልሽቶችና መፍትሔዎቻቸው

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ለዘብ ያለ አየር ያላት ከተማ በመሆኗ፣ የተሽከርካሪ ማሞቂያ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። ሆኖም በአለታ ወንዶ በኩል ወደ ሀገረ ሰላም የሚወስደው መንገድ ከ2,500 ሜትር በላይ ወደሆነ ብርዳማ ደጋ ይወጣል። በዚያ የፊት መስታወት ከውስጥ በጉም ሲሸፈን እይታን የሚመልሰው ማሞቂያው በመሆኑ፣ ከጉዞ በፊት ሊፈተሽ ይገባል።

አሠራሩ

የሞተሩ ሙቅ ውኃ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለ አነስተኛ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፤ ማራገቢያውም በዚያ የሞቀውን አየር ወደ ውስጥ ይገፋል። በቆዩ መኪኖች የመቆጣጠሪያው ማንሻ የውኃውን ቫልቭና የአየሩን መዝጊያዎች በሽቦ ገመድ ያንቀሳቅሳል።

የብልሽት ምልክቶች

1. አየሩ የማይሞቅ ከሆነ፦ በቅድሚያ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት የራዲያተሩን ውኃ መጠን ይመልከቱ። ውኃው ሙሉ ሆኖ የሙቀት መለኪያው ከዝቅተኛው የማይነሣ ከሆነ ቴርሞስታቱ ሳይዘጋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሞቆ ከማሞቂያው ሁለት ቱቦዎች አንዱ ብቻ ከሞቀ፣ ቫልቩ አልተከፈተም ወይም አነስተኛው ራዲያተር በዝገት ተደፍኗል።

2. ማራገቢያው በከፍተኛው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ፦ አብዛኛውን ጊዜ የተቃጠለው ሬዚስተሩ ነው። ጨርሶ ካልሠራ ፍተሻውን ከፊውዙ ይጀምሩ።

3. ማንሻው ቢንቀሳቀስም አየሩ አቅጣጫ የማይለውጥ ከሆነ፦ ገመዱ ወልቋል ወይም ተበጥሷል። ማንሻው ከጠጠረ በኃይል አይግፉት።

4. የወለሉ ምንጣፍ ከረጠበ ወይም ጣፋጭ ሽታ ካለ፦ አነስተኛው ራዲያተር እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ቱቦዎቹን እርስ በርስ አገናኝቶ ማሞቂያውን ማለፍ ፍሳሹን ቢያቆምም መስታወቱን የሚያደርቀውን ሙቀት ስለሚያሳጣ፣ ከጊዜያዊ መፍትሔነት ማለፍ የለበትም።

መስታወቱ በጉም ሲሸፈን

አየሩን ወደ መስታወቱ ያዙሩ፤ ሙቀቱን ይጨምሩ፤ የውጭ አየር ማስገቢያውን ይክፈቱ። የውስጡን አየር መልሶ ማዞር እርጥበቱን ያባብሳል።

ማሳሰቢያ

• በሐዋሳ ከፍታ ውኃ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ለከባድ ቃጠሎ ይዳርጋል።

• በአየር ማስገቢያው የጭስ ሽታ ከገባ መስኮቶችን ከፍተው በአስተማማኝ ቦታ ይቁሙ፤ ሞተሩንም ያጥፉ። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሽታ የሌለውና ገዳይ ስለሆነ፣ ተሽከርካሪው በባለሙያ ሳይፈተሽ ጉዞ መቀጠል አይገባም።