በራቤል አካባቢ የጥንት የቤት ዕቃ እንጨት ስለ መለየት

የታሪክ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚመረምረው ብራናና ደብዳቤ ነው። ይሁን እንጂ በጊሼ ራቤል አካባቢ በየቤቱ የሚገኘው ጠፍር አልጋ፣ በርጩማና ገበታ ጽሕፈት ባይኖርበትም የሚመሰክረው ነገር አለ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ የእንጨቱ ዐይነት በትክክል ሲታወቅ ዕቃው ከየት እንደ መጣና ከመቼ ወዲህ እንደ ተሠራ በከፊል ለማወቅ መቻሉን ነው።

በመጀመሪያ መጠንቀቅ የሚገባው ከቀለም ነው። ጭስ ባለበት ቤት የኖረ እንጨት ሁሉ ጥላሸትና የእጅ ወዝ እየጠጣ ይጠቁራል። የጠቆረውንም ባለቤቱ «ወይራ ነው» ይላል፤ ወይራ በጥንካሬው የታወቀ ስለ ሆነ ለዕቃው ክብር ይሰጠዋልና። ስለዚህ ምርመራው በማይታየው በኩል፣ ይኸውም በእግሩ ሥር ወይም በመጋጠሚያው ውስጥ፣ በምላጭ ጥቂት ፋቅ አድርጎ በአጉሊ መነጽር በመመልከት መሆን አለበት።

ዋናው ጥያቄ፣ በአግድም በተቆረጠው ጫፍ ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሉ ወይስ የሉም የሚለው ነው። በጥድና በዝግባ ላይ አይገኙም። ጥድ ቀላ ያለ ሲሆን ሲፋቅ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ይሸታል፤ በእርግጥም በውጭ አገር ለእርሳስ መሥሪያነት የታወቀ እንጨት ነው። ዝግባ ግን ወደ ብጫ የሚያደላና ሽታ የሌለው ነው። ቀዳዳ ካላቸው ወገን የዋንዛው ያለ መነጽር እንኳ ይታያል፤ እንጨቱም ቀላልና ቡናማ ነው። የኮሶ ውስጡ ደማቅ ቀይ ነው፤ ነቀዝም ይደፍረዋል። የወይራ ቀዳዳ ግን እጅግ ደቃቅ ነው፤ እንጨቱ ከባድ ሲሆን ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉበት። የባሕር ዛፍ ቀዳዳዎች በሰያፍ ተሰልፈው ይታያሉ።

ይህ ልዩነት ለታሪክ የሚጠቅመው እያንዳንዱ ዛፍ የራሱ አገር ስላለው ነው። ኮሶ ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ከፍታ ላይ ሲበቅል፣ ዋንዛ ከ2600 ሜትር ገደማ በላይ እምብዛም አይገኝም። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። እንግዲህ ከባሕር ዛፍ የተሠራ ነገር ከዚያ ዘመን ሊቀድም አይችልም።

ከራቤል ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደጋ ያየነው ጠፍር አልጋ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ባለቤቱ አዛውንት የአያታቸው አባት አልጋ መሆኑንና ሁለንተናው ወይራ መሆኑን ነገሩን። በፈቃዳቸው ብንመረምረው ግን አራቱ እግሮች ዋንዛ፣ አንደኛው አግዳሚ ባሕር ዛፍ ሆኖ ተገኘ። እኛም በችኮላ የቤተ ሰቡ ትውፊት ስሕተት ነው ልንል ምንም አልቀረንም ነበር። ነገሩን በትሕትና ብናስረዳቸው አዛውንቱ ጥቂት አስበው፣ «አግዳሚውማ ተሰብሮ አባቴ የለወጠው ነው» አሉ። ዋንዛ በዚያ ደጋ እንደማይበቅል ስናነሣ ደግሞ የቤቱ እመቤት ጣልቃ ገብተው፣ አልጋው የአያትየው እናት ከቆላው አገር ተድረው ሲመጡ አብሮ የመጣ መሆኑን ከአማታቸው እንደ ሰሙ ተናገሩ። ስለዚህ ትውፊቱ ሐሰት አልነበረም፤ የጎደለው የሴቲቱ ስም ብቻ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛ፣ የአንድ ክፍል እንጨት የሚያስረዳው የዚያን ክፍል ዕድሜ እንጂ የመላውን ዕቃ ዕድሜ አይደለም። በመንዝና በጊሼ እንጨት ብርቅ ስለ ሆነ ቤቱ በድንጋይ ይሠራል፤ የፈረሰ ቤት ወጋግራም ለሌላ ሥራ ይውላል። በዚህ ምክንያት እንጨቱ ከዕቃው የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ሁለተኛ፣ መነጽሩ ጥያቄ ያነሣል እንጂ ብቻውን መልስ አይሰጥም፤ መልሱ በባለቤቶቹ ዘንድ ነው።

ጠፍር አልጋው በብረት አልጋ እየተተካ፣ አሮጌው ለማገዶ እየዋለ ነው። ስለዚህ ጓደኞቻችን ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ ምላጭና አጉሊ መነጽር ይዘው፣ አስቀድመው ፈቃድ ጠይቀው፣ የእንጨቱን ዐይነት ከባለቤቱ ቃል ጋር አብረው እንዲመዘግቡ እናሳስባለን።