ዳርዊንን ያስተማረው የእጅ ባለሙያ

ቻርልስ ዳርዊን በ1876 ዓ.ም. የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ፥ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረበት ዘመን ስላወቀው አንድ ጥቁር ሰው ጥቂት መስመር ብቻ አስፍሮ አልፏል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሰውየው የሞቱ ወፎችን ሕያው አስመስሎ በማዘጋጀት የሚተዳደር፥ ጨዋታው ደስ የሚያሰኝ አስተዋይ ሰው እንደ ነበረ ይገልጻል፤ ስሙን ግን አልጠቀሰም። ይህ ሰው ጆን ኤድመንስተን እንደ ሆነ አር. ቢ. ፍሪማን የተባለው ተመራማሪ ያመለከተው በ1978 ነው።

ጆን ዛሬ ጉያና በምትባለው አገር፥ በዴሜራራ፥ የስኮትላንዳዊው የእንጨት ነጋዴ የቻርልስ ኤድመንስተን ባሪያ ነበር፤ የቤተሰብ ስሙም የጌታው ስም ነው። ሙያውን የቀሰመው የጌታው ወዳጅ ከነበረው ከእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ከቻርልስ ዋተርተን ነው። በዚያ አገር ሙቀት የተገደለ ወፍ ሥጋው ፈጥኖ ይበሰብሳል፥ ላባውም ይረግፋል፤ ስለዚህ ቆዳው ሳይቀደድ በቶሎ መገፈፍ አለበት። የዋተርተን ዘዴ ወፉን በሽቦ አጽም ላይ የሚያቆም አልነበረም። ቆዳው ሜርኩሪ ክሎራይድ በሟሟበት አልኮል ይነከራል፤ ቀስ በቀስ ሲደርቅም ቅርጹ በእጅ እየተስተካከለ ይጸናል። ቆዳውን ከነፍሳት የሚጠብቀው መርዝ የሠራተኛውንም ጤና የሚጎዳ ነው።

ዋተርተን በ1825 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጆን ትምህርት የማይገባው፥ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ተማሪ እንደ ነበረ ይናገራል። ፍርዱ ግን ከራሱ ምስክርነት ጋር አይስማማም፤ ጆን ነፃ ከወጣ በኋላ በመጀመሪያ በግላስጎ፥ ቀጥሎም በኤዲንብራ ሙዚየም መቀጠሩን የሚነግረን ይኸው ደራሲ ነውና። የኤዲንብራው ሙዚየም ፕሮፌሰር ሮበርት ጄምሰን የሚመሩት የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ነበር።

ጌታው ጆንን ይዞ ወደ ስኮትላንድ የተመለሰው በ1817 ነው። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጆሴፍ ናይት ጉዳይ ባርነት በስኮትላንድ ሕግ ዘንድ እንደማይታወቅ የወሰነው ቀደም ብሎ በ1778 ነበርና፥ ጆን ከመርከብ ሲወርድ በሕግ ረገድ ነፃ ሰው ነበር። በዴሜራራ የቀሩት ወገኖቹ ግን ሙሉ ነፃነት ያገኙት በ1838 ነው።

ዳርዊንና ጆን በሎዚያን መንገድ ጎረቤታሞች ነበሩ። በ1826 መጀመሪያ፥ 17 ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ተማሪ ለሁለት ወር በየቀኑ አንድ ሰዓት ለመማር ተስማማ፤ ክፍያው በጠቅላላው አንድ ጊኒ፥ ይኸውም 21 ሺሊንግ ነበር። ሲሰላ ለአንድ ሰዓት ከአራት ፔንስ እምብዛም አይበልጥም። ዳርዊንም ርካሽነቱን ለእኅቱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ አንሥቶታል።

ዳርዊን ቢግል በተባለችው መርከብ በ1831 ሲነሣ ይህ ዕውቀት አብሮት ተጓዘ፤ በጉዞውም ላይ ረዳቱን ሲምስ ኮቪንግተንን ወፍ መግፈፍ አስተማረው። ከጋላፓጎስ ደሴቶች የመጡትን ቆዳዎች ጆን ጉልድ በ1837 ለንደን ላይ መርምሮ፥ ዳርዊን ልዩ ልዩ ወገን መስለውት የነበሩት ትንንሽ ወፎች የአንድ ወገን የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን አስታወቀ።