ኤስቲስ ፓርክና የሮኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፦ ለሁለት ቀን ጉዞ ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

በጁላይ ወር፣ ቅዳሜ ከረፋዱ 10 ሰዓት ላይ በሮኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ የደረሰ ቤተሰብ፣ የመግቢያውን ክፍያ ይዞም ቢሆን ላይገባ ይችላል። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ እናት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ምሳው ተቋጥሮ፣ ልጆቹ ተራራውን በመስኮት እያዩ መኪናው ተመልሶ ይወጣል። ችግሩ የገንዘብ አይደለም፤ አስቀድሞ የተያዘ የመግቢያ ቀጠሮ አለመኖሩ ነው።

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የሚገኘው ይህ ፓርክ፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከዴንቨርና ከአውሮራ ከተሞች በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ቢርቅ ነው። በየዓመቱ ከ4 ሚሊዮን በላይ ጎብኚዎች ይገቡበታል። ቅርበቱ ብዙዎች ያለ ዝግጅት እንዲነሱ ያደርጋቸዋል። ይሁንና አጭር ጉዞ እንዲሰምር ሦስት ነገሮችን በጊዜ ማስላት ያስፈልጋል፦ የፓርኩን የመግቢያ ሰዓት፣ የተራራውን አየር፣ እንዲሁም ሰውነት ከፍታውን እስኪለምድ የሚፈልገውን ጊዜ።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ሰዓቶች በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው። ከጠዋቱ 9 ሰዓት ሲባል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ነው። ከአገር ቤት ከመጣ ዘመድ ጋር የሚቀጣጠር ሰው ይህን ልዩነት አስቀድሞ ቢያስታውቅ ይመረጣል። ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋና ፓርኩ

ኤስቲስ ፓርክ፣ ስሟ እንደሚመስለው ፓርክ ሳትሆን ከተማ ናት። ከ6 ሺህ የማይበልጥ ነዋሪ ያላት ይህች አነስተኛ ከተማ በ2,293 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ይህም ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር ይቀራረባል። ከዴንቨር በስተሰሜን ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትርቅ፣ በቦልደርና በላየንስ በኩል የሚያልፈው 36 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ እርሷ ያደርሳል። በላቭላንድ በኩል የሚመጣው 34 ቁጥር ጎዳና ደግሞ የቢግ ቶምሰንን ወንዝ ሸለቆ ተከትሎ ይወጣል።

የአካባቢው የቀድሞ ባለቤቶች የአራፓሆና የዩት ሕዝቦች ናቸው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሸለቆው ከሰፈረው ከጆኤል ኤስቲስ ነው። በእንፋሎት የሚሠራ መኪና ከፈለሰፉት ወንድማማቾች አንዱ የሆነው ፍሪላን ስታንሊ በ1903 የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ለአየር ለውጥ ወደዚያ ሄደ፤ ጤናው ሲመለስለትም በ1909 ዛሬ ድረስ ከኮረብታው ላይ የሚታየውን ነጭ ሆቴል ከፈተ። ደራሲው ስቲቨን ኪንግ በ1974 በዚሁ ሆቴል ካደረ በኋላ «ዘ ሻይኒንግ» የተባለውን ልቦለዱን ለመጻፍ በመነሳሳቱ፣ ሆቴሉ በራሱ ጎብኚ የሚስብ ሆኗል።

ብሔራዊ ፓርኩ የተመሠረተው ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ሕጉን በፈረሙበት በጃንዋሪ 26 ቀን 1915 ነው። ለምሥረታው ለዓመታት የተሟገተው የተፈጥሮ ተመራማሪና ጸሐፊ ኢኖስ ሚልስ ነበር። ፓርኩ 1,075 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ከፍተኛው ጫፍ ሎንግስ ፒክ 4,346 ሜትር ይደርሳል። ወደ ምዕራብ ተጉዞ ግራንድ ካንየንን የሚያቋርጠው የኮሎራዶ ወንዝም የሚመነጨው ከዚሁ ፓርክ ነው።

መቼ መሄድ ይሻላል?

የጉዞው ወቅት የሚወሰነው በአብዛኛው በአንድ መንገድ ነው። ትሬይል ሪጅ ሮድ የተባለው ይህ መንገድ ኤስቲስ ፓርክን በምዕራብ በኩል ካለችው ግራንድ ሌክ ከተማ ጋር ያገናኛል። ርዝመቱ 77 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ 18 ኪሎ ሜትር ያህሉ ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ በላይ ነው። ከፍተኛው ስፍራ 3,713 ሜትር ይደርሳል። በረዶ ስለሚዘጋው ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በሜይ ወር መጨረሻ፣ የሚዘጋው ደግሞ በኦክቶበር ነው። በእነዚህ ወራት ውስጥም ቢሆን ድንገተኛ በረዶ ለሰዓታት ወይም ለቀናት ሊዘጋው ይችላል።

ጁላይና ኦገስት ሞቃታማ ቢሆኑም ሰው የሚበዛባቸው ወራት ናቸው። በሴፕቴምበር ሁለተኛ አጋማሽ የአስፐን ዛፎች ቅጠል ወደ ወርቃማ ቢጫ ይለወጣል፤ ኤልክ የተባሉት ትልልቅ አጋዘኖችም ለመራባት ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። የወንዶቹ ጩኸት ማለዳና ምሽት ላይ ከሩቅ ይሰማል። ሁለቱን ቀኖች ከሥራ ቀናት መካከል መምረጥ ለቻለ ሰው፣ ይህ ወቅት ከሁሉም የተሻለ ነው። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ደግሞ ከፍተኛው መንገድ ቢዘጋም ወደ ቤር ሌክ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ክፍት ስለሚሆን፣ ለበረዶ የተዘጋጀ ጎማ ያለው መኪና የያዘ ቤተሰብ ፓርኩን በጸጥታ ሊያይ ይችላል።

ቀጠሮና ክፍያ

ባለፉት ዓመታት ፓርኩ ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ጎብኚዎችን የሚያስገባው በሰዓት ቀጠሮ ነው። ቀጠሮው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቤር ሌክ የሚገኝበትን መስመር ጨምሮ መላውን ፓርክ የሚያካትት ሲሆን፣ በቤር ሌክ መስመር ከንጋቱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 6 ሰዓት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ቤር ሌክን ሳይጨምር ለቀሪው የፓርኩ ክፍል የሚያገለግል ነው፤ የሚጠየቀውም ከጠዋቱ 9 ሰዓት እስከ ከቀኑ 2 ሰዓት ብቻ ነው። ቀጠሮ የያዘ ጎብኚ በተሰጠው የሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከገባ በኋላ ግን እስከፈለገው ሰዓት መቆየት ይችላል።

ቀጠሮው የሚያዘው ሪክሪኤሽን ዶት ጋቭ በተባለው የፌዴራል መንግሥት ድረ ገጽ ሲሆን፣ የማስያዣ ክፍያው 2 ዶላር ነው። የአንድ ወር ቀጠሮዎች የሚለቀቁት ባለፈው ወር የመጀመሪያ ቀን፣ በዴንቨር ሰዓት ከጠዋቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ለምሳሌ የኦገስት ቀጠሮ በጁላይ 1 ይከፈታል። የቅዳሜና የእሑድ ማለዳዎች ቶሎ ያልቃሉ። ያመለጠው ሰው ግን ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ የተወሰኑ ቀጠሮዎች ከጉዞው ቀን በፊት ባለው ምሽት 7 ሰዓት ላይ ይለቀቃሉ።

ቀጠሮው የመግቢያ ክፍያን አይተካም። ለአንድ መኪና የአንድ ቀን መግቢያ 30 ዶላር፣ የሰባት ቀን 35 ዶላር ሲሆን፣ በሩ ላይ የሚቀበሉት በካርድ እንጂ በጥሬ ገንዘብ አይደለም። ለአሜሪካ ነዋሪዎች ሁሉንም ብሔራዊ ፓርኮች የሚያስገባው ዓመታዊ ካርድ 80 ዶላር ነው።

ከውጭ አገር እንግዳ የሚቀበሉ ቤተሰቦች ልብ ሊሉት የሚገባ ለውጥም አለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆኑና ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ጎብኚዎች፣ ሮኪ ተራሮችን ጨምሮ ወደ 11 ታዋቂ ብሔራዊ ፓርኮች ሲገቡ ከመደበኛው ክፍያ በተጨማሪ በነፍስ ወከፍ 100 ዶላር እንዲከፍሉ ተወስኗል። ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች የሚሸጠው ዓመታዊ ካርድ ደግሞ 250 ዶላር ነው። እናትና አባቱን ከአዲስ አበባ ያስመጣ፣ ወይም ከዱባይና ከለንደን እህት ወንድሞቹን የጋበዘ ሰው ይህን ወጪ ከመነሻው ማስላት ይኖርበታል። ነዋሪ የሆኑትም ፎቶ ያለበት በመንግሥት የተሰጠ መታወቂያ ይዘው መሄድ አለባቸው። ደንቡና ክፍያው ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ፣ ከመነሳት በፊት የፓርኩን ይፋዊ ድረ ገጽ መመልከት ያስፈልጋል።

«እኔ ደገኛ ነኝ» ማለት አይበቃም

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ተወልዶ ያደገ ሰው ከፍታ እንደማያሳስበው ያስባል። ነገር ግን ሰውነት ለከፍታ የሚያደርገው ማስተካከያ ወደ ቆላ በወረደ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። በዋሽንግተን፣ በሂዩስተን ወይም በገልፍ አገሮች ዓመታት የኖረ ሰው ለዚህ ጉዳይ የቆላ ሰው ነው። እንዲያውም ሰሞኑን ከአዲስ አበባ የመጡት እናት ከባሕር ጠረፍ ከተማ ከመጣው ልጃቸው ይልቅ ከፍታውን ሊቋቋሙት ይችላሉ።

የአገር ቤት ከፍታዎች ጥሩ መለኪያ ይሆናሉ። ኤስቲስ ፓርክ ከአዲስ አበባ፣ 2,888 ሜትር ላይ ያለው ቤር ሌክ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ጋር ይቀራረባሉ። የትሬይል ሪጅ ሮድ ከፍተኛ ስፍራ ግን ከእንጦጦ በላይ 500 ሜትር ያህል ይርቃል። በዚያ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ካለው ከሲሶ በላይ ያነሰ ነው። መኪና ደግሞ ተጓዡን ከከተማዋ እስከዚያ የሚያደርሰው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ሕመም የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። ዋናው መድኃኒት ወደ ታች መውረድ ነው። ተቀምጦ ሳለ የትንፋሽ ማጠር፣ የአእምሮ መደናገር ወይም ሲራመዱ መንገዳገድ ከታየ ጉዳዩ ድንገተኛ ስለሆነ ወዲያውኑ መውረድና ሕክምና ማግኘት ያሻል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሮች ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር ይገባቸዋል። በመጀመሪያው ሌሊት አልኮል አለመጠጣትና ውሃ አዘውትሮ መጠጣት ለሁሉም ይጠቅማል።

ሁለቱን ቀኖች መከፋፈል

ከዝቅተኛ ስፍራ የመጣ እንግዳ ካለ፣ የመጀመሪያው ቀን ለከተማዋና ዝቅ ላሉት ሐይቆች ቢውል ይመረጣል። ስፕሬግ ሌክ የተባለውን ሐይቅ የሚዞረው መንገድ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የማይበልጥና ሜዳማ በመሆኑ፣ ለአዛውንት፣ ለሕፃን ጋሪና ለተሽከርካሪ ወንበር የተመቸ ነው። በቤር ሌክ ዙሪያ ያለው መንገድም በርዝመት ተመሳሳይ ቢሆንም ጥቂት ዳገት አለው። መራመድ የሚወዱ ከቤር ሌክ ተነስተው ኒምፍና ድሪም የተባሉትን ሐይቆች አልፈው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ኤመራልድ ሌክ ይደርሳሉ። እነዚህ ሁሉ የሚገኙት በቤር ሌክ መስመር ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው ሰፋ ያለው ቀጠሮ ነው።

ሁለተኛው ቀን ለትሬይል ሪጅ ሮድ ይሁን። ከ9 ሰዓት በፊት የገባ ሰው ለዚህ መንገድ ቀጠሮ አያስፈልገውም፤ መንገዱም ጭር ያለ ይሆናል። በ3,595 ሜትር ላይ ያለው የጎብኚዎች ማዕከል በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ካሉት ሁሉ ከፍተኛው ነው። ከዚያ አለፍ ሲል ሚልነር ፓስ ይገኛል፤ በዚህ ስፍራ በስተምሥራቅ የወረደ ዝናብ ወደ አትላንቲክ፣ በስተምዕራብ የወረደው ወደ ፓስፊክ ያመራል።

በፓርኩ ውስጥ ነዳጅ ማደያ ስለሌለ ታንኩን በከተማዋ መሙላት ይገባል። የስልክ ግንኙነትም በብዙ ስፍራ ስለማይሠራ፣ ካርታውንና የቀጠሮውን ማረጋገጫ አስቀድሞ በስልክ ላይ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ፍሬን ላይ ብቻ ከመተማመን ዝቅተኛ ማርሽ መጠቀም ይመከራል።

መብረቅ፣ ጎርፍና እሳት

የሰመሩ የአየር ጠባይ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፦ ማለዳ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ከቀትር በኋላ ዳመናና ነጎድጓድ። ልዩነቱ ጎብኚው ያለበት ስፍራ ነው። ዛፍ በሌለበት ሸንተረር ላይ ረጅሙ ነገር የቆመው ሰው ይሆናል። በጁላይ 2014 በሁለት ተከታታይ ቀናት ሁለት ጎብኚዎች በዚሁ ፓርክ በመብረቅ ሕይወታቸው አልፏል። ስለዚህ ከዛፍ ወሰን በላይ የሚደረግ የእግር ጉዞ እኩለ ቀን ሳይደርስ መጠናቀቅ አለበት። ነጎድጓድ ከተሰማ መጠለያው መኪና ነው እንጂ ድንጋይ ሥር ወይም ብቸኛ ዛፍ አይደለም።

ሸለቆዎቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በጁላይ 31 ቀን 1976 በቢግ ቶምሰን ሸለቆ የወረደ ደራሽ ጎርፍ 144 ሰዎችን ገድሏል። በመንገዱ ዳር «ጎርፍ ሲመጣ ወደ ከፍታ ውጡ» የሚሉ ምልክቶች የሚታዩትም ለዚህ ነው፤ ትእዛዙ መኪናን ትቶ በእግር መውጣትን ይጨምራል። በኦክቶበር 2020 ደግሞ የሰደድ እሳት ተራራውን ተሻግሮ በመምጣቱ የኤስቲስ ፓርክ ነዋሪዎች ከተማቸውን ለቀው ለመውጣት ተገድደው ነበር።

እንስሳትና የምግብ ቋጠሮ

ኤልክ በከተማዋ ጎዳናዎችና በጎልፍ ሜዳው ላይ ሳይቀር ይታያል። ላሟ ከጥጃዋ ጋር ስትሆን፣ ኮርማውም በመራቢያው ወቅት ሰው ሊወጉ ይችላሉ። ከኤልክና ከዱር በግ ቢያንስ 23 ሜትር፣ ሙስ ከተባለው ግዙፍ እንስሳና ከድብ ደግሞ 36 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። እንስሳትን መመገብ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ፣ ልጆች ለሽኮኮዎቹ ቆሎ እንዳይወረውሩ መንገር ተገቢ ነው።

በፓርኩ እሳት የሚነደው በተዘጋጁ ማንደጃዎች ብቻ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ይህም ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ ከሰልና ጀበና ይዞ ቡና ለማፍላት ያሰበ ቤተሰብ ቡናውን ቤት አፍልቶ በፔርሙዝ ቢይዝ ይሻለዋል። ጋቢም አይረሳ፤ በጁላይም ቢሆን ላይኛው ተራራ ላይ ንፋሱ ብርድ ነው።

ቀጠሮ ካልተገኘስ?

ጉዞው መሰረዝ የለበትም። ከቤር ሌክ መስመር በስተቀር፣ ከ2 ሰዓት በኋላ መግቢያው ለሁሉም ክፍት ነው። በጁላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ በመሆኑ፣ ሰማዩ ከዝናብ ጠርቶ እንደሆነ ከስድስት ሰዓት በላይ ብርሃን ይቀራል። ረፋዱን በከተማዋ አሳልፎ፣ ምሳውን በልቶ፣ ከሰዓት በኋላ የገባ ቤተሰብ ኤልኮቹ ለግጦሽ ወደ ሜዳው በሚወጡበት ሰዓት እዚያው ይገኛል።