ባሕር ተዘግቶ ሳለ የተደረገ ጉባኤ
ሄግ፣ 1907 ዓ.ም.

ጉባኤ ሁሉ የሚመዘነው ባስገኘው አፋጣኝ ውጤት ቢሆን ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 በሄግ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሴቶች ጉባኤ ከከሸፉት ሙከራዎች ጋር በተቈጠረ ነበር፤ ጦርነቱን አላስቆመምና። የታሪክ ፍርድ ግን ከዚህ ይለያል።

ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገሉ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1904 በርሊን ላይ ዓለም አቀፍ ኅብረት መሥርተው ነበር። የ1915ቱ ስብሰባቸውም በዚያችው ከተማ እንዲሆን ታስቦ ሳለ ጦርነት ተነሣና ተሰረዘ። የሆላንድ የመጀመሪያዋ ሴት ሐኪም አሌታ ያኮብስ ግን፣ መንግሥታት በተጣሉበት ሰዓት የሴቶች መገናኘት ይበልጥ አስፈላጊ መሆኑን በማመን፣ ጉባኤው ገለልተኛ በሆነችው አገራቸው እንዲደረግ ሐሳብ አቀረቡ።

ወደ ሄግ መድረስ ራሱን የቻለ ትግል ነበር። ከብሪታንያ 180 ያህል ሴቶች ለመጓዝ ተነሥተው ነበር፤ መንግሥታቸው ግን የይለፍ ወረቀት የፈቀደው ለጥቂቶች ብቻ ነው። እነርሱም የሰሜን ባሕር ለመርከብ በመዘጋቱ መሻገር ሳይችሉ ቀሩ። በጉባኤው የተገኙት በሌላ መንገድ የደረሱ ሦስት ብሪታንያውያን ብቻ ነበሩ። አሜሪካውያኑን ያሳፈረችው ኖርዳም የተባለች መርከብም በዶቨር አቅራቢያ ለቀናት ታግዳ፣ ለጥቂት ደረሰች። ከጀርመን 28፣ በጀርመን ጦር ከተያዘችው ቤልጂግ ደግሞ 5 ሴቶች መጡ። ከፈረንሳይ ማንም አልተገኘም።

ከሚያዝያ 20 እስከ 23 ቀን 1907 ዓ.ም. ከ12 አገሮች የመጡ ከ1,100 በላይ ሴቶች በጄን አዳምስ ሊቀመንበርነት መከሩ። ድምፅ ለመስጠት ሁለት ነገር መቀበል ግዴታ ነበር፤ የአገሮች ጠብ በሰላም እንዲፈታና ሴቶች የፖለቲካ መብት እንዲያገኙ። ጦርነቱን ማን ጫረው የሚለው ጥያቄ ግን እንዳይነሣ በሕግ ተከለከለ። አገራቸው የተወረረችባቸው የቤልጂግ ሴቶች ከወራሪው አገር ዜጎች ጋር በአንድ አዳራሽ ሲቀመጡ፣ የዚህ ዝምታ ክብደት ቀላል ሊሆን አይችልም። ሆኖም ያለዚህ ሕግ ጉባኤው አንድ ቀን እንኳ ባልዋለ ነበር።

በሃንጋሪያዊቷ ሮዚካ ሽዊመር አሳሳቢነት፣ ውሳኔው በፖስታ ከመላክ ይልቅ በመልእክተኞች እጅ ለመንግሥታት እንዲደርስ ተወሰነ። መልእክተኞቹ በሁለት ቡድን ተከፍለው ከለንደን እስከ በርሊን፣ ከሮማ እስከ ፔትሮግራድ ተጓዙ። ሚኒስትሮቹም በአክብሮት ተቀበሏቸው፤ በገለልተኛ አገሮች አማካይነት ያልተቋረጠ ሽምግልና ይደረግ የሚለውን ሐሳብ ግን በሥራ ላይ ያዋለ መንግሥት አልተገኘም።

ሴቶቹ ግን አልተለያዩም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1919 ዙሪክ ላይ እንደገና ተሰብስበው፣ የቬርሳይ ውል ውሎች ሌላ ጦርነት የሚጠነስሱ መሆናቸውን ከማንም አስቀድመው አስጠነቀቁ። ጦርነት ካወደመው የፈረንሳይ ምድር ዘግይታ የደረሰችው ዣን ሜሌን ወደ አዳራሹ ስትገባ፣ ጀርመናዊቷ ሊዳ ጉስታቫ ሃይማን ተነሥታ እጇን ጨበጠቻት። በሄግ ባዶ የነበረው የፈረንሳይ ወንበር በዚያን ጊዜ ሞላ።

በዚያው ዓመት ዓለም አቀፍ የሴቶች የሰላምና የነፃነት ማኅበር የሚለውን ስም የያዘው ድርጅት፣ ከመቶ ዓመት በኋላም ሥራውን አላቋረጠም። ከመሥራቾቹም ጄን አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1931፣ ኤሚሊ ባልች በ1946 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብለዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የሄግ ሴቶች አንበሳውን ለማሰር ባይበቁም ድሩን ፈትለው ለተተኪዎቻቸው አስረክበዋል።