ተሰዋሪ ተዋጊ፦ ራዳር ዘግይቶ የሚያየው ጄት

«ስቴልዝ» የምትለዋ ቃል በአማርኛ ዜና ውስጥ ስትገባ አብዛኛውን ጊዜ «በራዳር የማይታይ» የሚል ማብራሪያ ይከተላታል። አንዳንዱ ደግሞ በአጭሩ «ስውር ጄት» ብሎ ያልፋታል። ሁለቱም ያጋንናሉ። «ስውር» ሲባል ጆሯችን ላይ የሚያቃጭለው ወይ በምስጢር የተያዘ ነገር ነው፣ ወይ ደግሞ በዋልድባ ከሰው ዓይን ተሰውረው ይኖራሉ የሚባሉት ስውራን አባቶች ናቸው። እነሱን አጠገባቸው ቆመህም አታያቸውም ይባላል። ጄቱ እንዲህ ያለ ጸጋ የለውም። ራዳር ያየዋል፤ የሚያየው ግን ዘግይቶ፣ ከቀረበ በኋላ ነው።

ስለዚህ «ተሰዋሪ ተዋጊ» የሚለውን እመርጣለሁ። «ስውር» ያለቀለትን ነገር ይናገራል፤ «ተሰዋሪ» ግን ለመሰወር የሚጥረውን ራሱን ያመለክታል፤ የሚሳካለትም የሚከሽፍበትም ቀን አለ። ቱርክ «ካአን» የተባለውን ጄት በራሷ ንድፍ ልሥራ ብላ ስትነሳ የገባችበትን ጣጣ ለመረዳትም ይህ ልዩነት ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ይለቅና መልሱን ይጠብቃል። ከገደል ትይዩ ቆሞ እንደ መጮህ ነው፦ ገደሉ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊትህ ከቆመ ማሚቶው ድምፅህን ይመልስልሃል፤ ካዘነበለ ግን ወደ ሌላ ሸለቆ ይወረውረዋል። መሐንዲሶች አንድ አውሮፕላን ለራዳር የሚመልሰውን መልስ በካሬ ሜትር ይለኩታል፤ በአማርኛ «የማሚቶ ስፋት» ብንለው ያስኬዳል። እንግዲህ ተሰዋሪ ጄት ማለት የማሚቶ ስፋቱ እጅግ እንዲያንስ ሆን ተብሎ የተሠራ ጄት ነው።

«እጅግ» ያልኩት በምክንያት ነው። ሞገዱ ሲሄድም ሲመለስም እየሳሳ ስለሚሄድ ስሌቱ ለነዳፊው ክፉ ነው። አንድ ራዳር አንድን ተራ ተዋጊ ጄት ከ200 ኪሎ ሜትር ያየዋል እንበል። የማሚቶ ስፋቱን በግማሽ ብንቀንሰው ያ ራዳር አሁንም ከ168 ኪሎ ሜትር ገደማ ያየዋል። ርቀቱን ወደ 100 ለማውረድ ስፋቱ 16 ጊዜ ማነስ አለበት። ወደ 20 ኪሎ ሜትር ለማውረድ ደግሞ 10,000 ጊዜ! በነባር ጄት ላይ እዚህም እዚያም ነካ ነካ በማድረግ እዚህ አይደረስም፤ ከመጀመሪያዋ የንድፍ መስመር አንሥቶ መታሰብ አለበት።

የሒሳቡ አመጣጥ ያስቃል። ፒዮትር ኡፊምትሴቭ የተባለ የሶቪየት የፊዚክስ ሊቅ ሞገድ ከጠርዝ ላይ እንዴት እንደሚበተን የሚያሰላ ሥራ በ1962 ሞስኮ ውስጥ አሳተመ። ሹማምንቱ ወታደራዊ ፋይዳ ስላልታያቸው ምስጢር አላደረጉትም። የአሜሪካ አየር ኃይል አስተረጎመው፤ የአውሮፕላን አምራቹ የሎክሂድ ሰዎች ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር አዋደዱትና ኤፍ-117 የተባለውን ተሰዋሪ ጄት ሠሩበት፤ ጄቱም በ1981 በረረ። ገላው ሁሉ ጠፍጣፋና ማዕዘን የበዛበት የሆነው የዘመኑ ኮምፒውተር ጎባጣ ገጽ ማስላት ስለከበደው ነበር። ይኸው ጄት ማርች 27 ቀን 1999 ሰርቢያ ሰማይ ላይ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አገልግሎት ላይ በዋለ የሶቪየት ሚሳኤል ተመትቶ ወደቀ። ከሚሳኤሉ ጋር ያገለገለው አሮጌ ራዳር ሞገዱ ረጅም ነው፤ ረጅም ሞገድ ደግሞ በቅርጽ ብልሃት እምብዛም አይታለልም። «በራዳር የማይታይ» የተባለው ጄት ስባሪ ዛሬ ቤልግሬድ በሚገኘው የአቪዬሽን ሙዚየም ለጎብኚ ይታያል።

ብዙ ሰው ምስጢሩ ቀለሙ ላይ ያለ ይመስለዋል። ሞገድ የሚመጥ ልባስ አለ፣ ይረዳልም፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ቅርጽ ነው። የክንፍና የጅራት ጠርዞች ትይዩ ሆነው ይሰለፋሉ፤ ማሚቶው በጥቂት ጠባብ አቅጣጫዎች ብቻ ይወጣል። ሚሳኤሉ ከክንፍ ሥር መንጠልጠሉ ቀርቶ ሆድ ውስጥ ይገባል። የሚሽከረከሩት የሞተር ምላጮች ከፊት እንዳይታዩ የአየር ማስገቢያው ቱቦ ይጠማዘዛል። የአብራሪው ክፍል መስታወት እንኳ ስስ የብረት ልባስ ይቀባል፤ አለዚያ ሞገዱ ዘልቆ ይገባና መቀመጫውን፣ የራስ ቁሩን፣ መሣሪያዎቹን ሁሉ እየነካካ ትልቅ ማሚቶ ይዞ ይወጣል።

ፋብሪካው ውስጥ ያለው ፈተና ከዚህም ይብሳል። በሁለት የአካል ሽፋኖች መካከል የቀረች ክፍተት፣ ከገጹ ቀና ብላ የቀረች የብሎን ጭንቅላት፣ በደንብ ያልገጠመች የጥገና በር እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማሚቶ አላቸው። የበሮቹ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚቆረጠውም ክፍተቱ የሚመልሰው ሞገድ ወደ ጎን እንዲሄድ ነው። ተሰዋሪ ጄት ማምረት ማለት እንግዲህ እያንዳንዱን ክፍል ከሚሊ ሜትር በታች በሆነ ልክ የሚገጥም ማሽንና ሠራተኛ ማግኘት፣ ያንን ልክ በመጀመሪያውም በመቶኛውም ጄት ላይ መድገም ማለት ነው። እኔን ከንድፉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

ቱርክ ይህን የፋብሪካ ትምህርት በከፊል የተማረችው በሰው ጄት ላይ ነው። የአሜሪካው ተሰዋሪ ጄት ኤፍ-35 ሲመረት አጋር ነበረች፤ የቱርክ ኩባንያዎች ከ900 በላይ ዓይነት ክፍሎች ያቀርቡ ነበር፤ 100 ጄቶች ለመግዛትም አቅዳ ነበር። ከሩሲያ ኤስ-400 የአየር መከላከያ ስትገዛ ግን በጁላይ 2019 ከፕሮግራሙ ተባረረች። የራሷን ጄት የመሥራት ውሳኔ ከዚያ በፊት፣ በ2010 መጨረሻ ነበር የተወሰነው፤ በጃንዋሪ 2017 ከእንግሊዙ ቢኤኢ ሲስተምስ ጋር የንድፍ ትብብር ተፈራርማለች። ከኤፍ-35 መባረሯ ግን «ቢኖር ጥሩ» የነበረውን ዕቅድ «የግድ» አደረገው።

21 ሜትር የሚረዝመው ካአን ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2024 አንካራ አጠገብ ተነሥቶ 13 ደቂቃ በረረ። የደረሰበት ከፍታ 8,000 ጫማ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ430 ኪሎ ሜትር አልበለጠም። ይህን ሰምቶ «ይሄማ የመንገደኛ አውሮፕላን ፍጥነት እንኳ አይሆንም» ያለ ሰው ካለ፣ የመጀመሪያ በረራ ሥራው ጄቱ እንደ ስሌቱ መታዘዙን ማየት ብቻ መሆኑን ይወቅ። ስሙ በጥንቱ የቱርኮች ዓለም ለገዢዎች ገዢ ይሰጥ የነበረ ማዕረግ ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ብንለው አንርቅም።

ቱርኮች «የርሊ» እና «ሚሊ» የሚሏቸው ሁለት ቃላት አሏቸው። የመጀመሪያው አገር ውስጥ የተመረተ፣ ሁለተኛው የአገር የራስ፣ ብሔራዊ ማለት ነው። ፖለቲከኞቻቸው ሁለቱን አጣምረው መጥራት ይወዳሉ፤ የጄቱም የመጀመሪያ ስም «ብሔራዊ ተዋጊ አውሮፕላን» ነበር። አማርኛችን ለሁለቱም «ሀገር በቀል» ይልና ልዩነቱን ይውጠዋል። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሞተሩ ላይ ነው፤ የካአን የሙከራ ጄቶች የሚበሩት የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ በነደፈው ኤፍ110 ሞተር፣ ያውም በሁለት ነውና። ሞተሩ ኤፍ-16 ላይ የምናውቀው ነው።

ሞተር ለምን እንዲህ አስቸገረ? የተርባይኑ ምላጭ የሚሽከረከርበት ጋዝ ሙቀት ምላጩ የተሠራበትን ብረት ለማቅለጥ ይበቃል። ምላጩ ሳይቀልጥ የሚቆየው በውስጡ በተበሱ ደቃቅ ቀዳዳዎች አየር ስለሚነፍስበትና ሲቀረጽ መላ አካሉ አንድ ክሪስታል ሆኖ እንዲረጋ ስለሚደረግ ነው። ይህን አሳምረው የሚሠሩ አገሮች በጣት ይቆጠራሉ። የቻይናው ጄ-20 በ2011 ሲበር በሩሲያ ሞተር ነበር፤ በ2022 የበረረው የደቡብ ኮሪያው ኬኤፍ-21 ሞተሩ በንድፉ የአሜሪካ ነው። ቱርክም ኤስኪሼሂር ባለው ቴኢ በተባለው ኩባንያ ቲኤፍ35000 የሚል የራሷን ሞተር እየነደፈች ነው፤ የግፊት ኃይሉ 35,000 ፓውንድ፣ ወደ 16 ቶን መሆኑ ነው። እስከዚያው ግን በሴፕቴምበር 2025 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሐካን ፊዳን ራሳቸው የካአን ሞተር ፈቃድ በአሜሪካ ኮንግረስ እጅ እንዳለ ተናግረዋል።

ሞተሩ የውጭ የሆነ አውሮፕላን የራስ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ለእኛም ባዳ አይደለም። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር በ1935 ከኢትዮጵያውያን ጋር አገር ውስጥ የሠራት «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን ሞተሯ ከውጭ የመጣ ነበር፤ ጣሊያን የወሰደቻትን ይህችን አውሮፕላን የመለሰችልን ካአን ከመብረሩ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ በጃንዋሪ 2024 ነው። በሞተሯ ምክንያት ፀሐይን የእኛ አይደለችም ያለ ሰው አላውቅም፤ ካአንንም የቱርክ አይደለም ማለት ንፉግነት ነው። ንድፉ፣ አካሉና ገጣጠሙ የእነሱ ነው።

በንግዱ በኩል ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ2025 ኢንዶኔዥያ 48 ካአን ለመግዛት ተስማምታለች። በአሜሪካ ሕግ የአሜሪካ ወታደራዊ ሞተር የያዘ ጄት ለሦስተኛ አገር ሲሸጥ የዋሽንግተን ፈቃድ ያስፈልጋል። የቱርኩ ሞተር ካልደረሰ አንካራ ለጃካርታ የምትሸጠውን ጄት ጃካርታም አንካራም ሳይሆኑ ኮንግረስ ነው የሚያሰናብተው።